ስሱ አጥንት

የካዛንቺስ ሰው ክፉ ነው የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ከእንደራሴ ጀርባ የኖርን ሁሉ እናውቃለን፤ ጎረቤት ሲታመም ተሸክሞ የሚሮጥ፣ ሲሞትበት ድንኳን የሚተክል ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊውን ዓብዱልመጂድን በገዛ ግቢው ጥሎ የቀጠቀጠውም ይኸው ሰው ነው፣ ሌላ ከየትም አልመጣም። አንዱን አውርቼ ሌላውን ብውጠው ውሸታም እሆናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በካርቶን ነው። የዓብዱልመጂድ ልጅ ኑሰይባ በዘጠና ዓመተ ምሕረት የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ ሁለተኛ ዓመት። የሰው ገላ አጥንት በአጥንት የሚጠናበት ዓመት ነው። እሷና አራት ጓደኞቿ ከበላይ ተማሪዎች የወረሱት አንድ የራስ ቅል ነበራቸው፤ ሳምንት ሳምንት ይዘዋወራል። አናቱ በመጋዝ ተቆርጦ እንደ ድስት ክዳን ይከፈታል፤ ሲዘጋ እንዳይንሸራተት በግራና በቀኝ ትንንሽ የብረት መንጠቆ አለው። የአሮጊት ራስ ስለሆነ «እማማ» ይሏታል። ኑሰይባ ተራዋ ሲደርስ እማማን በቦርሳ ወደ ቤት አመጣችና አልጋዋ ስር፣ የብርድ ልብስ ካርቶን ውስጥ ደበቀቻት። ለእናቷ ብትናገር ኖሮ ያን ቀን ከቤት የምትወጣው ወይ እማማ ነበረች ወይ እናቷ ነፊሳ። ስለዚህ ዝም አለች። ጥፋቱ ከዚህ እንደጀመረ እሷም አትክድም።

ከትምህርት ስትመለስ በሯን ትዘጋና አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች ታጠናለች። ግንባር አንድ፣ የጎን አጥንት ሁለት፣ ጀርባው አንድ፣ ወዲህና ወዲያ የጆሮ አጥንቶች፣ ከዓይን ኋላ ደግሞ ክንፍ የመሰለ አጥንት። ጣቷ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዓይን ጅራት ሁለት ጣት ወደ ኋላ፣ አራቱ አጥንቶች የሚጋጠሙበት። መምህራቸው እዚያች ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጨርሰው ነበር። «ይሄ ከራስ ቅል ሁሉ ስሱ ነው፤ ከስሩ ደግሞ ደም ቅዳ ያልፋል። እዚህ የተመታ ሰው ይወድቃል። ከዚያ ይነሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ደህና ነኝ ይላችኋል። ደሙ ግን ከአጥንቱ ስር እየተጠራቀመ ነው። ደህና ነኝ ሲላችሁ ነው መሮጥ ያለባችሁ» ብለው ነበር። ተማሪው ሳቀና ጻፈ። ኑሰይባም ስቃ ጽፋለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ሆነ። ኑሰይባ ለፈተና ልታጠና በጠዋት ወጥታለች። ነፊሳ ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ላስጣ ብላ ካርቶኑን ጎትታ ከፈተች፤ እማማ ከቀሩት ጥርሶቿ ጋር ቀና ብላ አየቻት። ነፊሳ አልጮኸችም። በእጇ አፏን ይዛ ወጣችና በረንዳ ላይ ከሲንጀር የስፌት መኪናው ጋር የተቀመጠውን ባሏን በትከሻው ጎትታ አስገባችው።

«ኢና ሊላሂ» አለ ዓብዱልመጂድ፣ አይቶ።

«ልጅህ ናት ያመጣችው። ሰው አልጋዋ ስር አስተኝታ ነው የምትማረው? ይሄ የማን እናት ነው? የማን አባት ነው?»

«ስትመጣ እንጠይቃት እንጂ።»

«ስትመጣማ ትከራከረኛለች! አታውቃትም? ሰው ሳይቀበር አልጋ ስር አይቀመጥም፣ በቃ። ሳትመጣ እንቅበረው።»

ሐኪም እንድትሆን ሌት ተቀን ዱዓ የሚያደርጉ ወላጆች ናቸው። ግን ሐኪም የሚኮነው በምን በምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው? ነፊሳ ውሃ አሞቀች። አጠቡት። ዓብዱልመጂድ አቡጀዲ ቀደደና ሊጠቀልል ሲል ጎኑ ላይ አጥንቶቹ የተያያዙበትን ጥምዝምዝ መስመር አየና ቆም አለ። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ነው። «ነፊሳ፣ ነይ እዪ። መርፌ ያልነካው ስፌት» አለ። መካነ መቃብር እንዳይወስዱት፣ ሌላው ገላ የታለ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሸኹን እስኪያማክሩ ለጊዜው ከኩሽናው ጀርባ፣ አጥሩ ስር ሊያሳርፉት ተስማሙ። ዓብዱልመጂድ አካፋ አነሳ።

ከዚያ ቆርቆሮ አጥር ወዲያ እጸገነት ልብስ ታሰጣለች። እጸገነት የጎሚስታው የገብረሃና ሚስት ናት፤ ሁለቱ ቤቶች ሃያ ዓመት ሙሉ በርበሬ ሲበደሩ የኖሩ ናቸው። ወንድሟ በለጠ ከባሏ ጋር ጎማ ይጠግን ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ሰባት ወር በፊት ማስቲሽ ልግዛ ብሎ ወደ ለገሃር እንደወጣ አልተመለሰም። ያልተጠየቀ ጣቢያ፣ ያልታየ ሆስፒታል የለም። ሞተ እንዳትል ሬሳ የለም፤ አለ እንዳትል ድምፅ የለም። እህል በልታ ሳትጠግብ፣ አልጋ ላይ ወጥታ ሳትተኛ ሰባት ወር ሆናት። እንግዲህ ይህች ሴት የአካፋ ድምፅ ሰማችና በቆርቆሮው ቀዳዳ አየች። ጎረቤቷ ግራና ቀኝ እየተገላመጠ ጉድጓድ ይቆፍራል። ነፊሳ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ስታቀብለው ጨርቁ ሸተት አለ።

«ኡኡ! ኡኡ! የወንድሜን ራስ! የወንድሜን ራስ ሊቀብሩት ነው!»

ያን ጩኸት የሰማ ሰው ዛሬም ጆሮው ውስጥ አለ። መንደሩ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ገባ። ፖሊስ ይጠራ ያለ ነበር፤ የጠራ ግን አልነበረም። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ገብረሃና ነው፤ እጁ ላይ ገና የጎማ ጥቀርሻ አለ።

«ገብሬ፣ ስማኝማ—» አለ ዓብዱልመጂድ።

ገብረሃና አልሰማውም። በቡጢ አፉን አለው፤ ሁለት ጥርስ ከደም ጋር አገጩ ላይ ወረደ። ከኋላ አንዱ ወገቡን ረገጠው፣ ሌላው በብሎኬት ስባሪ ትከሻውን አለው። ትናንት ሱሪ ያሳጠረላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ነፊሳ በላዩ ልትወድቅ ስትሮጥ ሻሿን ገፈው፣ በፀጉሯ ጎትተው ግድግዳ ላይ ጣሏት፤ ጣቶቿን በጫማ ረገጧቸው። «ቤንዚን! ቤንዚን አምጡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዓብዱልመጂድ በጉልበቱ ሊነሳ ሲል ገብረሃና አካፋውን ከእጁ ነጥቆ ሰነዘረ። በቀኝ እጁ ስለሰነዘረ ያረፈው በዓብዱልመጂድ ግራ በኩል ነው፤ ከዓይኑ ጅራት ሁለት ጣት ወደ ኋላ። ዓብዱልመጂድ ያለ ድምፅ ወደቀ።

ኑሰይባ ከጥናት ስትመለስ ከስታዲየም በእግሯ መጥታ በሩ ላይ የደረሰችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ያየችው እማማን ነው፤ አንድ ጎረምሳ ከሰው በላይ ከፍ አድርጎ ይዟታል። ቀጥሎ የአባቷን እግር አየች። በክርኗ እየመታች፣ እየነከሰች ጭምር ገባችና ቅሉን ነጠቀች።

«የኔ ነው! የትምህርት ቤት ነው! እዩት!» ብላ ክዳኑን ከፈተችው።

በመጋዝ የተቆረጠ፣ መንጠቆ ያለው፣ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት ራስ የትኛው ሟች አለው? የብሎኬቱ ስባሪ ከአንዱ እጅ ጧ ብሎ ወደቀ። እጸገነት ግን ወደ ፊት ተራመደች።

«የበለጠ አይደለም?»

«እትዬ እጸገነት፣ በለጠ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ስድስት።»

«ይህች አሮጊት ናት። ይኸው፣ ጥርሷ የወለቀበት ጉድጓድ ተደፍኗል፤ በሕይወት እያለች ነው የወለቀው። የአጥንቱ ስፌት በእርጅና ጠፍቷል፤ እዚህ ጎን ላይ ብቻ ትንሽ ቀርቷል። ግንባሯም ለስላሳ ነው፣ የሴት ነው። በለጠ አይደለም። በአላህ፣ በለጠ አይደለም።»

እጸገነት ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን የመጣላት ለቅሶ ነው። ለካ ለደቂቃ ያህልም ቢሆን ወንድሟን አግኝታው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች።

በዚህ መሃል ዓብዱልመጂድ ተነሳ። አዎ፣ ተነሳ! ደሙን ተፋ፣ ውሃ አምጡልኝ አለ፣ ጠጣ፤ ሚስቱን በስሟ ጠርቶ ሻሿን አነሳላት። ሰፈሩ እፎይ አለ። ገብረሃና ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ሄዶ ከአጥሩ ስር አንድ የመሠረት ድንጋይ ፈንቅሎ አንገቱ ላይ ተሸከመና ዓብዱልመጂድ እግር ስር ተንበረከከ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ኃይለገብርኤል ከዘራቸውን ይዘው መሃል ገቡ። ሽምግልና እዚያው፣ ደም ገና ሳይደርቅ፣ ተጀመረ።

«አባ፣ ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለች ኑሰይባ። ከግራ ዓይኑ ኋላ ያበጠውን አይታለች።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

ያቺን ቃል! መምህሯ ያሉትን ቃል እንዳለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

«አባ ደህና አይደለህም። እዚህ ጋ ተመትተሃል። አሁኑኑ መሄድ አለብን።»

«ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ስር ወድቆ ጥዬው ልሂድ? ነውር ነው እኮ። አንድ አፍታ።»

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ ኃይለገብርኤል፣ «ዕርቅ ተጀምሮ አይቋረጥም። አባትሽ ቆሞ እያወራ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?»

ደግነታቸው ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ሆስፒታል ከሄደ ማን መታው ይባላል፤ ካርድ ይጻፋል፣ ፖሊስ ይመጣል። ዕርቁ ከቀደመ ግን «ወድቄ ነው» ይላል። እዚያ ግቢ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የእያንዳንዱ ጫማ ላይ የዓብዱልመጂድ ደም አለ። ስለዚህ ሁሉም «ይጨረስ፣ ይጨረስ» አለ። ጋሼ ኃይለገብርኤል ምርቃቱን ከአያት ቅድመ አያት ጀመሩት፤ የማያልቅ ምርቃት።

ኑሰይባ የአባቷን ፊት ብቻ ነው የምታየው። ሩብ ሰዓት ሆነ። እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ፤ «ራሴን ትንሽ...» አለ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አስመለሰው። «ድንጋጤ ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ ስኳር ስጡት!» አሉ ሴቶቹ። ዓይኑ መክበድ ጀመረ። አገጩን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው፤ የግራ ዓይኑ ብሌን ከቀኙ ሰፍቷል። ከአጥንቱ ስር ደሙ እየተጠራቀመ አንጎሉን እየገፋው ነው።

«ይሞታል!» ብላ ጮኸች። «አባቴ እየሞተ ነው! መኪና!»

«አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺ!» አላት አንዱ። «ይቅር ለእግዚአብሔር ይበልና እንወስደዋለን። አንድ ቃል እኮ ነው የቀረው።»

ዓብዱልመጂድም ቃሏን ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምላሱ ተሳሰረ።

ኑሰይባ ያኔ ያደረገችውን የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከገብረሃና አንገት ላይ ድንጋዩን ነጠቀች። የይቅርታውን ድንጋይ! ሊቀመንበሩ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ራሱ ላይ ልትፈጠፍጠው መስሎት ገብረሃና ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ይቅር አልልም!» አለች። «አባቴም አይልም! ዓይንህን ግለጥ! ግለጥና እይ!» ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎ» ያለችው ሰው ነው፤ አሁን አንተ ነው ያለችው። ድንጋዩን እግሯ ስር አስቀምጣ እማማን አነሳች፣ ክዳኗን ጥላ ወደ ፀሐይ ያዘቻት። «እዩ! ሁላችሁም እዩ! ብርሃን ያሳልፋል! እዚህ ጋ ነው የመታኸው!»

እውነትም ፀሐይዋ በስሱ አጥንት በኩል ቀይ ሆና ገባች። እናቷ አጥባ፣ ገንዛ ልትቀብራት የነበረችውን እማማ መሬት ላይ በጎኗ አስተኛቻትና ድንጋዩን አንስታ አሳረፈችባት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታችው። አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ወደ ውስጥ ገባ። ነፊሳ «ያ ረቢ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«አባቴ ውስጡ እንዲህ ሆኗል። እስካሁን ቆሞ ያወራው ደሙ ተጠራቅሞ ስላልሞላ ነው» አለች ኑሰይባ።

ገብረሃና የተሰበረውን አየ፣ ቀጥሎ የገዛ እጁን አየ። ዓብዱልመጂድ ወደ ጎን ሲያዘነብል ከመሬት ሳይደርስ ተቀበለው፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ በተገነጠለው አጥር ወጣና ሮጠ። ኑሰይባ ከኋላው ሮጠች። ዋናው መንገድ ላይ ገብረሃና ከነሸክሙ በአንድ ላዳ ፊት ቆመ፤ ባለ ላዳው ፍሬን ይዞ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ዘጋው። በመንገድ ላይ ዓብዱልመጂድ ማንኮራፋት ጀመረ። «ተኝቷል፣ ደህና ነው አይደል?» አለ ገብረሃና፣ ልጅ በመሰለ ድምፅ። «እንቅልፍ አይደለም» አለችው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ማን መታው ተባለ። «እኔ ነኝ፣ ጻፉት፤ መጀመሪያ እሱን አስገቡት» አለ ገብረሃና። ሐኪሙ በዚያችው ቦታ ላይ አጥንቱን በስቶ የረጋ ጥቁር ደም አወጣ። ግማሽ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ልታለቅሱ ነበር የምትመጡት አላቸው።

ዓብዱልመጂድ ዳነ። መዳን ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ይራመዳል፣ ይበላል፣ ሲንጀሩ ላይ ተቀምጦ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቃል ግን ከዳው። የሚጫነው ደም ከመውጣቱ በፊት የግራውን አንጎል፣ ቃል የሚኖርበትን፣ ጎድቶት ነበር። ውሃ ሲፈልግ «ቁልፍ» ይላል። ነፊሳን «ሰኞ» ይላታል። ልጁን ደግሞ «መርፌ» ብሎ ይጠራታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታለቅሰው።

እማማን ያን ቀን ግቢው ባዶ ሲሆን ስብርባሪዋን አንድም ሳታስቀር የለቀመችው እጸገነት ናት። በዚያው አቡጀዲ ጠቀለለቻት። በኋላ ሸኹ ሲፈቅዱ ከነፊሳ ጋር ሆነው መካነ መቃብር ወስደው አስቀበሯት፤ ለበለጠ ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ አለቀሰችው። የኑሰይባ ጓደኞች አልተቆጧትም። የቀረውን ከመጽሐፍ አጠኑ።

ዓብዱልመጂድ ከሆስፒታል በወጣ በአርባ ቀኑ ሽማግሌዎች መጡ። ገብረሃና ሁለት ሳምንት ታስሮ በዋስ ወጥቷል፤ ከስቷል። ሌላ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ከደጃፉ ጀምሮ በጉልበቱ እየሄደ ገባና ዓብዱልመጂድ እግር ስር ተደፋ። ጋሼ ኃይለገብርኤል በዚህ ጊዜ ምርቃት አላስረዘሙም። «ዓብዱ፣ ያቺን ያቋረጥናትን ቃል በላት» አሉ ብቻ።

ዓብዱልመጂድ ሊላት ፈለገ። እንደፈለገ ሁሉም አየ። ግንባሩ ላይ፣ ጠባሳው ላይ ላብ ወጣ። «መቀስ» አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ሞከረ። «መቀስ! መቀስ!» አንድ ሰው ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው አፈረ። ዓብዱልመጂድ ጉልበቱን በቡጢ መታው፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ያን ቀን ምላሱ ላይ የነበረች ቃል ናት፤ አንድ አፍታ ቢሰጡት ብሏት ይሞት ነበር። አሁን በሕይወት አለ፣ ቃሏ የለችም።

የልጁን እጅ ያዘና ወስዶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። የራሱን እጅ በላዩ ጫነ። ሁሉም ገባው፤ አንቺ በይልኝ ማለቱ ነው።

የገብረሃና ራስ ወደ ጎን ዞሮ ከጉልበቷ ስር ነው። ከዓይኑ ጅራት ሁለት ጣት ወደ ኋላ ደም ስሩ ይመታል። ኑሰይባ ከስሩ ያሉትን አራት አጥንቶች ታውቃቸዋለች፤ ምን ያህል ስስ እንደሆኑ በእጇ ታውቃለች። እጇ ድንጋዩ ላይ ነው። የታሰባትን አልደብቅም፣ እሷም አልደበቀችኝም፤ አንስቼ ብለቅበትስ ብላ አስባለች። አሰበች፣ ደግማ አሰበች፤ የአባቷ መዳፍ ላዩ ላይ ይሞቃል። ከዚያ ድንጋዩን አነሳችና ወለሉ ላይ አኖረችው።

«አባቴ ይቅር ብሎሃል» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ዕርቅ አያውቁም።

«እመላለሳለሁ፣ ልጄ» አለ ገብረሃና፣ ከወለሉ ሳይነሳ።